ድልድዩ አፍ ላይ የቆመው ቡፌ

አባቴ ሰው ይቆጥር ነበር። ሥራው ነው። የሌሎች ልጆች አባቶች መኪና ይነዳሉ፣ ጥርስ ይነቅላሉ፣ ግንብ ይገነባሉ፤ የኔ አባት መንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይቆጥራል። ትምህርት ቤት «የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው?» ስባል ዓይኔን በጨው አጥቤ «መሐንዲስ ነው» እል ነበር። የዋሸሁ መስሎኝ ስንት ጊዜ ተሳቅቄአለሁ። እውነቴን ተናግሬ እንደነበር የገባኝ እኔ አድጌ፣ እሱም ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ስም ከበሩ ይረዝም ነበር፦ የከተማው የአስቸኳይ ጊዜ የእግረኞች ማውጫ ዝግጅት ክፍል። ከተማው አንድ ቀን ክፉ ቢመጣበት ሰዉ በእግሩ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚያቅድ ክፍል ነው። ሦስት ሠራተኛ፣ ሁለት ወንበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአደጋ ጊዜ መውጫው በር ሌባ እንዳይገባ ተብሎ በትልቅ ቁልፍ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና ይሄ ሁሉ ትክክል ይመስለኝ ነበር። ከተማ ሙሉ ሰው የሚያስወጡ ሰዎች ለራሳቸው መውጫ ያጣሉ ብሎ ማን ያስባል?

አባቴ መዳፉ ውስጥ የምትጠፋ ትንሽ የብረት መቁጠሪያ ነበረችው። በአውራ ጣቱ ሲጫናት «ቀጭ» ትልና በመስኮቷ ያለው ቁጥር በአንድ ይጨምራል። አንድ ሰው፣ ቀጭ። ሌላ ሰው፣ ቀጭ። ለምኜው ለምኜው አንድ ቀን እንኳ አስነክቶኝ አያውቅም። «የመንግሥት ንብረት ነች የኔ እመቤት» ይለኛል። እኔም ከኔ አስበልጦ የሚወዳት መስሎኝ በመቁጠሪያ ቀናሁ። በታናሽ ወንድሜ ያልቀናሁትን!

ሰፈራችን ወንዙ ዳር ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ወደ ከፍታው የሚያወጡት ሁለት መንገዶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ እኛ ቤት አጠገብ ያለው የእግረኛ ድልድይ፣ ሌላው የገበያው ደረጃ። ሁለቱም ጋ ሰፊ መንገድ ይመጣ ይመጣና አፋቸው ላይ ሲደርስ ጥብብ ይላል። የአባቴን እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነበር። እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ደግሞ እሱ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት እማዬ ለእራት ለቅማ ያስቀመጠችውን ሽምብራ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጦ ዘቀዘቀና ሽምብራውን ገለበጠበት። ሽምብራው ኮረር እያለ መውረድ ጀመረና ድንገት አንገቱ ላይ ቀጥ አለ።

«አየሽ?» አለኝ። «ሁሉም እኔ ልቅደም ሲል ማንም አያልፍም።»

ከዚያ አንድ ቡሽ በሽቦ አንጠልጥሎ ከአንገቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ትንሽ ወደ ጎን አስጠግቶ አቆመው። እንደገና ገለበጠ። ሽምብራው ቡሹን ሲያገኝ ግራና ቀኝ ተከፈለና አንድም ሳይቀር ወረደ። አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንድ ትልቅ ሰው በሽምብራ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። «ዛሬ ደግሞ ሽምብራ ነው የምታሻግረው?»

«ሰው ነው» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ሰዎችህን ቶሎ አሻግርና መልስልኝ፤ ድስቱ ተጥዷል።»

በማግሥቱ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። ከእማዬ ጋር የሚያወሩትን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ኃላፊውን ለድልድዩና ለደረጃው አፍ አንድ አንድ የድንጋይ ምሰሶ እንዲያስተክሉ ጠይቋቸዋል። ኃላፊው ሳቁ አሉ። «መውጫ ላይ ዕንቅፋት? አንተ ሰው ልታወጣ ነው የተቀጠርከው ወይስ ልታሰናክል?» አሉት። በምትኩ አረንጓዴ ቀስት ያለባቸው ሰሌዳዎች እንዲሰቀሉ አዘዙ፤ ከቀስቱ በታች የኃላፊው ስም በትልቁ ተጽፏል። ጎርፍ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ ማንን ማመስገን እንዳለበት ግራ እንዳይጋባ ይሆናል።

እኔ ከዚያ ወሬ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ መንገድ ላይ ድንጋይ ሊያስቀምጥ ይፈልጋል፤ ሰው እንዲደናቀፍ። ሲቆጥራቸው ሲቆጥራቸው ሰለቹት ማለት ነው አልኩ። አባቴ በሰው ሁሉ ላይ ቂም ይዟል ብዬ ለራሴ ፈረድኩ።

ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ረፋድ ላይ። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ቤት ነኝ። መጀመሪያ ሳይረኑ ጮኸ፣ ቀጥሎ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና መጣች። «ከላይ ያለው ግድብ ተሰንጥቋል! ሁላችሁም በተረጋጋ ሁኔታ፣ በእግራችሁ፣ ወደ ከፍታው ውጡ!» ይህን የሚለው ሰውዬ መንገዱ ሲሞላበት መኪናዋን በሯን እንደከፈተ ትቶ እግሬ አውጪኝ አለ። የተረጋጋ ሁኔታ ምን እንደሚመስል ያየነው ከሱ ነው።

አባቴ እየሮጠ ገባ። «መጣልን!» አለች እማዬ፣ ወንድሜን እያዘለች። አባቴ ግን እሷንም እኔንም አላየም። ዓይኑ የተተከለው ቡፌው ላይ ነው።

ይሄ ቡፌ እንዲህ የዋዛ ቡፌ አይደለም። አናጢው አያቴ ለእማዬ ሠርግ ብሎ በእጁ የሠራው፣ ሦስት በር ያለው፣ አራት ሰው የማያነሳው ቡፌ ነው። ውስጡ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ አሥራ ሁለት ብርጭቆዎች አሉ። እንግዳ ሲመጣ እናሳያለን እንጂ አናቀርብም። አባቴ የጎረቤታችንን ዳቦ ጋጋሪ ጠራው። ዳቦ ጋጋሪው ግድግዳ የሚያህል ሰው ነው፤ ፂሙ ድረስ ዱቄት ለብሶ መጣ።

«ያዝልኝ» አለው አባቴ።

«ብርጭቆዎቼ!» ብላ ጮኸች እማዬ። «እነሱን እንኳ ላውጣቸው!»

«ይቆዩ፤ ክብደት ይሆኑታል።»

እማዬ በቁሟ ደረቀች። ባሏ ጎርፍ እየመጣ ቡፌ የሚያሸሽ ሰው ነው ማለት ነው፣ ያውም እንዲከብድለት የሚፈልግ። ከደጃፉ ሲወጡ ዞር ብሎ እንዲህ አለን፦ «ለወንድምሽ ልብስ ደርቡለትና ቶሎ ውጡ። ድልድዩ አፍ ስትደርሱ በቀኝ በኩል እለፉ። እኔ ጋ ስትደርሱ አትቁሙ፤ አትጥሩኝም። አንድ ሰው ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል።»

አትጥሩኝ አለ። በገዛ ልጆቹ ያፈረ መሰለኝ።

ድልድዩ ከቤታችን አጠገብ ስለሆነ ከመስኮት ሁሉንም አየሁ። ሁለቱ ቡፌውን እየጎተቱ ድልድዩ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው አባቴ «እዚህ» አለ።

«እዚህ? መሐል መንገድ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ትንሽ ወደ ግራ። መሐል ለመሐል አይሆንም።» በእርምጃው ለካ። «አንድ ጋት ወደ ኋላ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጨርቁን የጣለ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ቡፌውን የጣለ ግን አንተን ብቻ አየሁ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። አለ እንጂ አልሄደም፤ ከቡፌው ጀርባ ገብቶ ትከሻውን ሰጠው።

እኛ ስንወጣ መንገዱ ሰው ብቻ ሆኗል። አንዱ ቴሌቪዥን አቅፏል፤ አንዷ የሞቀ ካውያ ይዛ «ያቃጥላል! ያቃጥላል!» እያለች ለራሷ መንገድ ታስከፍታለች። ከኔ በላይ ሰማይ የለም፤ ክርንና ቦርሳ ነው። የላብና የእርጥብ ሱፍ ሽታ አፍንጫዬን ዘጋው። እየቀረብን ስንሄድ እግሬ መሬት ለቀቀ። እየተራመድኩ አልነበረም፤ ደረቴ ከሰው ጀርባ፣ ጀርባዬ ከሰው ሆድ ተጣብቆ እየተወሰድኩ ነው። «እማዬ» ልል ብል ትንፋሽ አጣሁ። የእማዬን የቀሚስ ጫፍ ብቻ ይዣለሁ።

ስድቡ ግን ይሰማኝ ነበር። «መንገድ ዘጋብን!» «ንብረቱን ሊያሸሽ እኮ ነው!» «ኧረ በሕግ፣ ይሄን ቡፌ አንሱት!» አንዱ ሻንጣውን ወርውሮ የአባቴን ከንፈር አፈረጠው። አባቴ ከቡፌው ጎን ቆሟል፤ በአንድ እጁ ቡፌውን ደግፎ በሌላው ይቆጥራል። «ግራና ቀኝ! አትግፉ! ግራና ቀኝ!» ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ደም እየወረደው ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ሰው የኔ አባት መሆኑን ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ቡፌው ጋ ስንደርስ ድንገት ለቀቅ አለ። እግሬ መሬት ነካ፤ አየር አገኘሁ። ሰዎቹ አባቴን ተጸይፈው የራቁት መሰለኝ። ከጎኔ የነበረው ሰዓት ሠሪው፣ እዚያው ሰፈር ያለ ሰው፣ እሱም ትንፋሹ መጣለትና ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«አንቺ፣ ይሄ አባትሽ አይደለም እንዴ?»

ድምፁ ትልቅ ነው። አምስት ስድስት ሰው ዞር አለ። አባቴ ከኔ ሁለት ክንድ አይርቅም።

«አይደለም» አልኩ። «አላውቀውም።»

አባቴ አየኝ። ከንፈሩ አብጧል። አውራ ጣቱ ወረደች፤ ቀጭ። እንደ ማንም አላፊ አግዳሚ ቆጠረኝና አለፍኩ።

ከፍታው ላይ ቁጭ ብለን ጎርፉን ጠበቅን። ጎርፉ ቀረ። የግድቡ ጠባቂ ያየው ስንጥቅ የቀለም ስንጥቅ ሆኖ ተገኘ፤ ባለፈው ዓመት ቀለሙን የቀባው ሰው ርካሽ ቀለም ነበር የገዛው። ከሰዓት ላይ «ወደየቤታችሁ ተመለሱ» ተባለና ሰው እየሳቀ፣ እየተራገመ ወረደ። አባቴ እስከዚያ ሰዓት ከወዲያ ማዶ እንደቆመ ነው፤ ድልድዩን አልተሻገረም። ስንመለስ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር ቡፌውን ወደ ቤት ሲጎትቱ አገኘናቸው። ከአሥራ ሁለቱ ብርጭቆ አምስት ተርፏል። እንዳያየኝ ብዬ በእማዬ ጀርባ ተደበቅኩ።

ውሃው ማንንም አልነካም። የገበያው ደረጃ ግን ሰባት ሰው ወሰደ። አረንጓዴዎቹ ቀስቶች አንድም ሳይጣመሙ ወደ ላይ እያመለከቱ፣ ሰዉ ደረጃው አፍ ላይ ተደራርቦ ሰባት ሰው ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ወሬው ሲደርስ አባቴ ቡፌው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ሁለት ቡፌ ቢኖረን ኖሮ» አለ። እማዬ ትከሻውን ያዘችው። «ሁለት ቢኖረን ኖሮ…»

እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ሰባት ሰው ሞቶ ይሄ ሰውዬ ሌላ ቡፌ ያምረዋል አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ነው ያልኩት፤ ለጓደኞቼም አወራሁት። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ አባቴን «አቶ ቡፌ» ይለው ጀመር። ስሙን ያወጣሁለት እኔው ነኝ ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በጥልቀት መረመረና ድልድዩ ጋ የነበረው ሕዝብ ሥርዓት ያለው፣ ደረጃው ጋ የነበረው ደግሞ ሥርዓት የጎደለው ነበር ሲል ደመደመ። የአንድ ሰፈር ሰው ነው፤ ወንድሙ በድልድይ፣ እህቱ በደረጃ የወጣ አለ። ኃላፊው ለሰሌዳዎቹ የምስክር ወረቀት ተሸለሙ። አባቴም ወረቀት አልቀረበትም፤ «በግል የቤት ዕቃ የሕዝብ መተላለፊያ በመዝጋት» የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። አንድ ጥያቄም ጠየቁት፤ ለእማዬ ሲነግራት ሰምቻለሁ። «በድልድዩ የተሻገረው አሥራ አንድ ሺህ ሰው ነው፤ ያንተ ቁጥር ለምን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ስምንት ላይ ቆመ?»

«ተበላሸችብኝ አልኳቸው» አለ።

የተበላሸ ንብረት ነው ተብላ መቁጠሪያዋ ከመዝገብ ተሰረዘችና ለሱ ቀረች። ከተረፉት አምስት ብርጭቆዎች ጀርባ አስቀመጣት። 3208። ላነሳት እጄን ስሰድ «ተያት፣ የማትሠራ ነች» ይለኛል። እማዬ ስለ ብርጭቆዎቿ ሁለተኛ አላነሳችም። በየቅዳሜው የተፋቀውን ቡፌ በዘይት ትወለውለዋለች፣ አባቴ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያያታል። ዕቃዋን ስለምትወድ ይመስለኝ ነበር። እኔማ ሽጡልኝ ብዬ ስንቴ አልቅሻለሁ! ትምህርት ቤት «ቡፌ፣ ቡፌ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

አድጌ፣ ወልጄ፣ አንድ ቀን ልጄን ኳስ ላሳይ አዲሱ ስታዲየም ሄድኩ። ከመውጫው በር ፊት፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ወፍራም የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሟል። አጠገቤ እንግዶች ሲያስጎበኝ የነበረውን የስታዲየሙን መሐንዲስ «ይሄን ነገር ማን ገተረው?» አልኩት። ደረቱን ነፋ። «የሰዉን ግፊት ለሁለት ይከፍለዋል። በሩ ላይ መጨናነቅ አይኖርም። በኮምፒውተር ሦስት ዓመት አጥንተን ነው የደረስንበት።»

«በሽምብራ ሞክራችሁት ነበር?» አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እዚያው ምሰሶው ሥር ቆሜ፣ በዘጠኝ ዓመቴ ቡፌው ጋ ስደርስ ያገኘሁት አየር ከየት እንደመጣ ገባኝ። «ሁለት ቡፌ ቢኖረን ኖሮ» ያለውም ገባኝ። ልጄ «እማዬ ምን ሆንሽ?» እስኪለኝ እንደማለቅስ አላወቅኩም።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ገብቶኝም አፌን ከፍቼ አንዲት ቃል አላልኩትም። ምን እላለሁ? አላውቀውም ያልኩትን ሰው፣ አሁን ዐውቄሃለሁ ልበለው? እየቀጠርኩ እየቀጠርኩ እማዬ ሞተች።

ባለፈው ወር አባቴን ከእኔ ጋር እንዲኖር ከነዕቃው አመጣሁት። ተሸካሚዎቹ ቡፌውን ሳሎኑ በር ላይ ሲያደርሱ አባቴ «ለጊዜው እዚያው ይቁም» አላቸው። ሳጥን ፍለጋ ወጥተው ሳለ ብርጭቆዎቹን ላወጣ የቡፌውን በር ከፈትኩ፤ ከጀርባቸው መቁጠሪያዋ አለች። 3208። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መዳፌ ውስጥ ያዝኳት። አውራ ጣቴ ሳላስበው ተጫነቻት።

ቀጭ። 3209።

አልተበላሸችም። ተበላሽታም አታውቅም። ያን ቀን መጨረሻ ላይ ቀጭ ያለችው ለእኔ ነው። ከኔ በኋላ ሰባት ሺህ ምናምን ሰው ሲያልፍ አልቆጠረም። አላውቀውም ስለው መቁጠር ተወ። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

አባቴ ሳሎን ውስጥ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቀና አለ። ሦስት ጊዜ ጮኼ ስጠራው የማይሰማ ጆሮ ያቺን ድምፅ ግን ሰማ።

«ማን አለፈ?» አለ።

«አባዬ፣ ያን ቀን ሰዓት ሠሪው ሲጠይቀኝ…»

«ሰምቻለሁ።»

«አላውቀውም አልኩ እኮ!»

«ሳትቆሚ ነዋ ያልሽው» አለኝ። «ቆመሽ አባቴ ነው ብትዪ ኖሮ፣ ያን ሁሉ ደም ፊቴ ላይ እያየሽ ታለቅሺ ነበር፤ ከኋላሽ ያለው ሁሉ ይቆም ነበር። አትቁሙ አልኩ፣ አልቆምሽም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መመሪያ ያከበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ታዲያ መቁጠሩን ለምን ተውከው?»

«እናትሽና ወንድምሽ ካንቺ ፊት አለፉ። አንቺ አለፍሽ። ከዚያ ወዲያ አውራ ጣቴ እምቢ አለችኝ» አለ። «ለኮሚቴ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። አሁን ግን መዝገቤን አበላሸሽው። ሰው ሳያልፍ አይጨመርም።»

«አንተ ነህ» አልኩት እንባዬን እየዋጥኩ። «ያን ቀን ሳትሻገር ቀርተሃል።»

አሰበበት። ከዚያ ከዘራውን ይዞ ተነሳ፤ በሩ ላይ የተገተረውን ቡፌ በቀኝ በኩል ዞሮ፣ ሳይቆም፣ ወደ በረንዳው አለፈ።

ይሄን ጊዜ አንዱ ተሸካሚ ሁለት ሳጥን ደራርቦ ሲገባ ከቡፌው ጋር ተላተመ። «ኧረ የእግዜር ያለህ! ይሄን ቡፌ መግቢያ ላይ ግተሩት ያለን ማነው?»

«አባቴ ነው» አልኩት።

ጮኼ ነው መሰለኝ የተናገርኩት፤ ሰውዬው ሳጥኑን እንደያዘ ደነገጠ። ቢሆንም ደገምኩለት። «ያ፣ በረንዳው ላይ የቆመው። አባቴ ነው።»